ማን አስተማረሽ

ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ
ጥር 2008 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እማ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የብርድ ወር ሲገባ አላስተኛ እያለሽ እንደምትገላበጪ ስለማውቅ ሐሳቤ ሁሉ አንቺ ዘንድ ነው። በሰው የላክሁልሽ ቅባት ደርሶሽ ከሆነ መጀመሪያ አሙቂው፣ ከዚያ ተቀቢው። ወንድሜስ? ላሟስ ወለደች? እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህም አሁን ብርድ ነው እያሉ ሰዎቹ ጋቢ የሚያህል ጨርቅ ይከናነባሉ፤ እኔ ግን በክረምት ሐርቡ ላይ የዋልኩ ሰው ነኝና እስቃለሁ።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ጻፈች እንደምትይ አውቃለሁ። ስደውል ወንድሜም ጎረቤቱም ዙሪያሽን ይከባል፤ ‘ድምፁን ከፍ አድርጊው እኛም እንስማት’ ይሉሻል። ይሄ የምጽፍልሽ ለአንቺ ብቻ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠርሽው ለእንዲህ ያለው ቀን ነውና ማንንም አታስነብቢ። ቀስ እያልሽ፣ ሲደክምሽም እያረፍሽ ራስሽ አንብቢው። ይዞልሽ የሚመጣው ኢሳ ይባላል፤ በመተማ በኩል የሚመላለስ የታመነ የወሎ ሰው ነው። በእጅሽ እንጂ በሌላ ሰው እጅ እንዳይሰጠው አደራ ብዬዋለሁ።

የምሠራበትን ቤት ‘የአስተማሪ ቤት ነው’ ከማለት በቀር አብራርቼልሽ አላውቅም። አሠሪዬ ሉጥፊያ ትባላለች፤ እኔ ኡስታዛ እላታለሁ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿ ውጭ አገር ናቸው። በኮሌጅ የምታስተምረው ኸዘፍ የሚሉትን ነው፤ የሸክላ ሥራ ማለት ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ ድሮ መኪና ይቆምበት የነበረ ቆርቆሮ ቤት አላት። እዚያ ውስጥ በእግር እየተመታ የሚሽከረከር መዘውር፣ በመብራት የሚሠራ ትልቅ ምድጃና እስከ ጣራ የሚደርስ መደርደሪያ አለ። ከዓባይ ዳር በከረጢት የሚመጣው ጭቃ በበርሜል ይዘፈዘፋል። አንድ ቀን ኡስታዛ ጭቃውን በመዳፏ እያሳየችኝ ‘ይሄ እኮ በየክረምቱ ካንቺ አገር የሚመጣ ነው፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሳይጠየቅ የሚገባ እሱ ብቻ ነው’ ብላ አስቃኛለች።

ለቡና ቤቶች ስኒና ሳህን ትሠራለች፤ ላዩን እንደ መስተዋት የሚያበራ ቀለም ትቀባዋለች። ውኃም እህልም የማይያዝበት ነገርም ትሠራለች። መጀመሪያ በገባሁ ሰሞን እኔን የሚያክል፣ ሆዱ ዚር እንደሚሉት ትልቅ የውኃ እንስራ የተነፋ፣ ራስና እጅ የሌለው የሴት ገላ ቆሞ አየሁና ምን እንደሚቀመጥበት ጠየቅኋት። ምንም አለችኝ። ወንድሟ ወደ ደቡብ ለጦርነት ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር እናቷ ግቢው ውስጥ እንዲህ ትቆም ነበር፤ እሷን ነው የሠራሁት አለች። ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት ስገባ መጥረጊያዬን ቀስ አድርጌ ነበር የማሳልፈው።

ኡስታዛ የእጅ አንጓዋን አሞት ሐኪም ማቡካት ሲከለክላት ‘ሊጥ ስታቦኪ አይቻለሁ፤ እስቲ ይሄንንም እሺልኝ’ አለችኝ። እንዲህ ጀመርኩ። ማሸቱ አልከበደኝም። መዘውሩ ግን አቃጠለኝ፤ ጭቃው መሐል ላይ አልቆም እያለ ስንቴ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ኡስታዛ በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። ደህና ሠራሁ ያልኩትን ስኒ በሽቦ ለሁለት ሰንጥቃ ‘ተመልከቺ፣ ታቹ ድንጋይ ነው፤ ላዩ ወረቀት’ ትለኛለች። ሌላ ስኒ እሠራለሁ፤ ሌላም ትሰነጥቃለች። ስኒዬ ሳይሰነጠቅ የተረፈው ከስንት ወር በኋላ ነው።

በመዘውሩ የተናደድኩ ዕለት ግን ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦልኩ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረብኩ፣ አንቺ ጎታ ስትሠሪ እንደማይሽ ሠራሁ። አስታወስሽ እማ? አባቴ አላህ ይማረውና ገበያ በወጣ ቀን፣ ከጓሮ፣ ከሾላው ጥላ ሥር ነበር የምትሠሪው። ጭቃው ውስጥ የተወቀጠ ገል ትጨምሪ ነበር። እኔ ውኃ አቀባይ ነበርኩ። እርጥብ ቁርበት ይዘሽ ታለሰልሺውና ከአንገቱ ሥር በአውራ ጣትሽ ጥፍር ታትሚበታለሽ፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እያልሽ ዞረሽ መጨረሻው ላይ አንድ ቦታ ባዶ ትተዪ ነበር። ለምን ዘለልሽው ስልሽ ‘ይተንፍስ’ ትይኛለሽ። እኔም እጄ እንዲሁ ለመደና በሠራሁት ሁሉ ላይ እያተምኩ፣ እየዘለልኩ ቀጠልኩ።

አሁን ስለ ይማም። በስልክ አንድ ሁለት ጊዜ አንስቼልሻለሁ። ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሰፈር ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዳ፣ ሰላቱን የማያሳልፍ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። እናትና አባቱ በልጅነቱ ሞተው ያሳደገችው የእናቱ እህት ናት፤ እቴቴ ረሺዳ ይሏታል። በደርግ ጊዜ በእግሯ ወደ ሱዳን የመጣች፣ ሐጅ ዩሱፍ ያለ የወሎ ሰው ሁሉ ለዳኝነትም ለሽምግልናም የሚሄድባት ሴት ናት። ይማም ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ሲነግራት ‘አምጣትና ልያት’ አለች። ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ ለውዱእ የሚሆናት ኩስኩስት ሠራሁላት። ቀይ ነው፤ በድንጋይ አሽቼ እንዲያብረቀርቅ አድርጌዋለሁ። አንገቱ ላይ እንደተለመደው ጥፍሬን አተምኩበት።

ስደርስ ቤቱ በሴቶች ሞልቷል። እቴቴ ረሺዳ ኩስኩስቱን ተቀብላ ማሻ አላህ አለች፤ ፊቷ ፈክቶ ነበር። ከዚያ ገለበጠችው። ጣቷን ወደ ውስጥ ሰደደችና ግድግዳውን ዳሰሰች። አንገቱን በአውራ ጣቷ እየዞረች መጣች፣ ባዶው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች።

‘ማን አስተማረሽ?’ አለችኝ።

እኔ ምን አውቄ፤ ደስ ብሎኝ ‘እናቴ’ አልኋት።

‘እናትሽ የየት ሰው ናት?’ አለች። የሐርቡ ናት አልኋት። ‘ከሐርቡ በፊትስ?’ አለችኝ። እማ፣ ከሐርቡ በፊት ስላለው ነገር አውርተሽኝ አታውቂም።

ኩስኩስቱን ከመጋረጃው ኋላ አስቀመጠችው። ሌላ ጨዋታ ተነሣ። አጠገቤ የተቀመጠች አራስ ነጠላዋን ስባ የልጇን ፊት ስትሸፍን አየሁና ዝንብ ነው ብዬ አሰብኩ። ስወጣ ይማም እስከ ሃፍላው፣ እስከ አውቶቡሱ፣ ድረስ ሸኘኝ፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ሞተሩ ዘይት ብቻ አወራኝ።

ወሬው ሰንብቶ ነው የደረሰኝ። ‘የአል-ጣኢፏ ልጅ ጠይብ ናት፤ የሸክላ ሠሪ ዘር ናት’ ተብሏል። ያ ስም ምን እንደሚያስከትል ላንቺ አልነግርሽም። በረሃ አቋርጦ፣ ድንበር ተሻግሮ እዚህ ድረስ ተከትሎን መጥቷል። ሱቅ ዐረቢ ገበያ ላይ ዓርብ ዓርብ የምንገናኝ የአገር ልጆች ነበሩ፤ አንዲቷ በእጇ የነበረውን ብስኩት እንዳላይባት ፊቷን አዞረች። ሌላዋ ልጇን ‘ሂድ ሳማት’ ትለው የነበረውን ተወች። አንድም ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም። ከአጠገቤ ግን ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ አሉ።

መጀመሪያ ተቆጣሁ። በማን እንደተቆጣሁ አላውቅም። በማግሥቱ ጭቃ እያሸሁ ሳለሁ ግን የቆየ ነገር አንድ በአንድ መጣብኝ። ጎታውን አባቴ በሌለበት ብቻ ለምን ትሠሪ እንደነበር። ለዒድ የአባቴ ወገን ቤቱን ሲሞላው ካንቺ ወገን አንድ ሰው እንኳ መጥቶ እንደማያውቅ። ልጅ ሆኜ ከዝናብ በኋላ ትንሽ ድስት ሠርቼ በራችን ላይ ባስቀመጥኩ ጊዜ በእግርሽ ረግጠሽ አፈረስሽው፤ እኔን ገረፍሽኝና ወደ ምድጃው ዞረሽ አንቺ አለቀስሽ። ያኔ ልብሴን ስላቆሸሽኩ ነበር የመሰለኝ።

እማ፣ እኔ የምጠይቅሽ ነገር የለኝም። እንድትነግሪኝም አልጻፍኩም። ይሄን ብቻ እወቂልኝ፤ ያን ዕለት ጭቃውን አሽቼ ስጨርስ ቁጣው አልነበረም።

ይማም ቆይቶ መጣ። ረክሻውን ከበሩ አቁሞ፣ ሳይወርድ፣ መሪውን እንደያዘ አነጋገረኝ። ወላሂ ለእኔ ግድ የለኝም አለ። ‘ግን አክስቴ እናቴ ናት። ያለሷ ዱዓ ቤት አልሠራም። ከሱዳናዊቷ አስተማሪ ነው የተማርኩት በይ። እናቴ ያልኩት አፌ ስቶ ነው በይ። ኸላስ፣ በቃ፣ ሰው ይረሳል። አክስቴም የምትፈልገው ይሄንኑ ነው’ አለኝ። አልከፋሁበትም። በሐቅ ከሆነ ግማሹ እውነት ነው፤ መዘውሩንም እሳቱንም ያስተማረችኝ ኡስታዛ ናት። ላስብበት ብዬ ሸኘሁት። ረክሻው ከመንገዱ ጥግ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት። እወደዋለሁ እማ። ይሄንን በስልክ ሰው እየሰማ አልነግርሽም ነበር።

በዚያው ሰሞን ኡስታዛ ከቀድሞ ተማሪዎቿ ጋር ኤግዚቢሽን ልታሳይ ትሰናዳ ነበር። ‘ያንቺም ይቆማል፤ በስምሽ’ አለችኝ። እኔ የሠራሁት ጎታ ነው። ቁመታቸው እስከ ጉልበቴ፣ አንዳንዱ እስከ ወገቤ ነው፤ ለቅሶ ላይ እንዳሉ ሴቶች ተጠጋግተው የሚቆሙ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ዘንበል ያለ። እህል አይገባባቸውም፤ አፋቸውን አጥብቤዋለሁ። ሥራው ቀላል እንዳይመስልሽ። አንዱ ሳይደርቅ ቸኩዬ አስገብቼው እሳት ውስጥ ፈነዳ፤ ጎረቤቱንም ይዞት ሄደ። ሌላ ቀን መብራት በመሐል ጠፋ፤ ምድጃው በርዶ ሙሉው ሳይበስል ወጣ። ኡስታዛ ስብርባሪውን አፍሳ ‘ውቀጪውና ለሚቀጥለው ጨምሪው’ አለችኝና ሄደች። እንደገና ጀመርኩ።

የይማምን ነገር ስነግራት ብዙ አልመከረችኝም። እኛም ዘንድ ከዚር ይጠጣል እንጂ ዚሩን የሠራውን ማንም አይጠይቅም አለች። ‘ከእኔ ተማርኩ ብትዪ እኔ አልቀየምም፤ ባትዪም አልቀየምም’ ብላ ተወችኝ። አንድ ነገር እንድታዘኝ ፈልጌ ነበር። አላዘዘችኝም።

ይማምንና አክስቱን እኔው ጠራኋቸው። ይመጣሉ ብዬ አልነበረም። አዳራሹ ከዓባይ ዳር ነው፤ ጀላቢያና ቶብ የለበሰ ሰው ሞልቶታል። ጎታዎቼ መስኮቱ አጠገብ ቆመዋል። አንዲት ትንሽ ልጅ ጆሮዋን አንዱ ላይ ለጥፋ ውስጡን ታዳምጣለች። ቀና ስል እቴቴ ረሺዳን አየኋት፤ የዒድ ቶቧን ለብሳ ከበሩ ትንሽ ገባ ብላ ቆማለች። ይማም ከኋላዋ ነው። ከጎታዎቹ አልቀረበችም፤ ዓይኗን ግን ከነሱ አላነሣችም።

ከራዲዮ የመጣች ወጣት ማይክራፎኗን አስጠጋችልኝ። ሥራዬን አሞገሰችና፣ ኡስታዛ አጠገቤ ስለቆመች፣ ‘ይሄንን ሁሉ ያስተማረችሽ እሷ ናት አይደል?’ አለችኝ። መልሱን ራሷ ሰጥታኝ ነበር። ራሴን ብነቀንቅ ይበቃ ነበር። ይማም ዓይኑን ዓይኔ ላይ ጥሎ ‘አይዋ፣ አዎ በይ’ እያለ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት።

አንቺ ትዝ አልሽኝ። እግርሽ እንደ ውርጭ በቀዘቀዘ ጭቃ ተለውሶ፣ ቀሚስሽን ወደ ላይ አሸርጠሽ፣ አባቴ ሳይመለስ ለመጨረስ ስትቻኮዪ።

‘መዘውሩንና እሳቱን ያስተማረችኝ ኡስታዛ ናት፤ ውለታዋን አልረሳም’ አልኋት። ‘እነዚህን ግን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እሷ ስትሠራ እኔ ውኃ አቀብላት ነበር።’ በዓረብኛ ተናገርኩትና የአገሬ ሰዎች እንዲሰሙት ማንም ሳይጠይቀኝ በአማርኛ ደገምኩት። 

እቴቴ ረሺዳ ዞራ ወጣች። ይማም ቆመ፤ እኔን አየ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ ተከተላት።

ከዚያ በኋላ ስልክም አልመጣ፣ ረክሻም አልመጣ። እኔ ሥራዬን ሠራሁ። ቤት አጠዳሁ፣ ምግብ አበሰልኩ፣ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ቤት ገባሁ። አልቅሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ አላለቀስኩም ብዬም አልዋሽሽም። ያልተጸጸትኩ መሆኔን ግን በአላህ እምልልሻለሁ።

አንድ ረፋድ ላይ ኡስታዛ ‘በር ላይ አንዲት ሐበሻ ትጠይቅሻለች’ አለችኝ። እቴቴ ረሺዳ ናት፤ ብቻዋን። ሳሎን ግቢ ብላት እምቢ አለች። ‘የምትሠሪበትን አሳዪኝ’ አለች።

ወንበር ሳብኩላት። አልፈለገችም፤ ኡስታዛ የቀለም ጣሳ የምታስቀምጥባትን ዝቅተኛ ዱካ ስባ ተቀመጠች። አንድ ትልቅ ማድጋ እያቆምኩ ነበር፤ አንገቱ ጋ ስደርስ ወደ አንድ ጎን አዘመመብኝ። እጄን አየችና ‘ቸኮልሽበት፤ ትከሻው ሳይጠና አንገት አይቀመጥም’ አለች። ከዚያ ተነሣች። አምባሯን አወለቀች፤ ቀለበቷን አወለቀች፤ ቶቧን ወገቧ ላይ ጠመጠመች። እጇን ውኃ ውስጥ ነከረች።

እማ፣ ማድጋውን አላዞረችውም። እሷ ነች የዞረችው። ወገቧን የሚያማት ባልቴት ጎንበስ ብላ፣ ግራ እጇን ከውስጥ፣ ቀኝ እጇን ከውጭ አድርጋ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች ማድጋውን ዞረችው። ጭቃው ያዘዘችውን ይሆናል። እኔ ውኃ አቀበልኋት።  አንገቱ ቀጥ ሲል አውራ ጣቷን አነሣችና ማተም ጀመረች፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቦታውን ዘለለችው። ቀና ስትል ፊቷ እርጥብ ነበር። ላብም ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ሞቃት ነው።

እጇን ስትታጠብ ብዙ ቆየች። የጥፍሯን ሥር በእንጨት አወጣች፤ አንዲት ፍንካች ጭቃ እንኳ አላስቀረችም። አምባሯን መልሳ አጠለቀች፤ ያቺ ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ ሰው የሚነሣላት ሴት እንደገና ሆነች። ‘ይማም አያውቅም’ አለችኝ። ‘ማወቅ ካለበት ከእኔ አፍ ይስማ። አንቺ ምንም እንዳትዪ።’ እሺ አልኋት። ኒካው ከረመዳን በኋላ ይሁን፣ ሽማግሌ እኔ ራሴ እልካለሁ አለች። ያን ዕለት መሸት ሲል ይማም ደወለልኝ፤ አክስቱ ኩስኩስቱን ከመጋረጃው ኋላ አውጥታ ውዱእ ስታደርግበት እንደዋለች ነገረኝና ‘ምን አድርገሻት ነው?’ ብሎ ሳቀ። ቀሪውን ነግራው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። አልጠየቅሁትም።

የሐጅ ዩሱፍ ሴቶች አሁንም እንደ ድሮው አልሆኑም። አንዳንዶቹ እቴቴ ረሺዳን ፈርተው ይስሙኛል፤ አንዳንዶቹ አሁንም ፈቀቅ ይላሉ። ይኑሩበት። እኔ አል-ጣኢፍ ያለውን ሥራዬን ይዣለሁ፤ ኡስታዛም ከኒካው በኋላ ቆርቆሮ ቤቱን ለሁለታችን እንከፍለዋለን ብላኛለች።

ለኒካው ብትመጪልኝ ደስታዬ ወሰን አይኖረውም። ኢሳ ሲመለስ ከፊት ወንበር ያስቀምጥሻል፤ መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም። ባትችዪም አልቀየምሽም። ‘እመጣለሁ’ ወይም ‘አልመጣም’ በዪው፤ ሌላ ነገር ማስረዳት የለብሽም።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ ደብዳቤዬን አላጥፍም። ማድጋውን በሠራችበት ዕለት እቴቴ ረሺዳ ከበሩ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ‘ለእናትሽ ሰላም በያት’ አለችኝ። ስምሽን ጠርታ ነው ያለችኝ። እኔ ስምሽን ለእሷም ለይማምም ነግሬያቸው አላውቅም። ደግሞም የጠራችሽ እኔ በማውቀው፣ አባቴ ይጠራሽ በነበረው ስም አይደለም። ስሙን እዚህ አልጻፍኩትም፤ ወረቀት እጅ ይለዋውጣል። አፌ ውስጥ ይዤዋለሁ፤ ላንቺ ካልሆነ ለማንም አይወጣም።

አላህ ጤናሽን ይመልስልሽ። ጉልበትሽን ያጽናው፤ ዓይንሽን ከመክሰም ይጠብቀው። ያሳለፍሽውን በጀነት ይካስሽ፤ ያለፈውን የሚያውቅ እሱ ነውና እሱው ያቅልልሽ። በዱዓሽ አትርሺኝ፤ ለእቴቴ ረሺዳም ዱዓ አድርጊላት። በአንቺ አንድም ቀን አፍሬ የማላውቅ፣

ሴት ልጅሽ